ለቪጎ የሥር መከላከያ፦ 3 ሚሊ ላሜራ ይበየድ ወይስ 6 ሚሊ አሉሚኒየም ይምጣ?

ጥያቄው፦ «የምሠራበት መኪና የ2011 እ.ኤ.አ. ሃይሉክስ ቪጎ ነው፤ ደብል ካቢን፣ 3.0 ናፍጣ፣ ማንዋል። በበጋ ቱሪስት ይዤ ዳናክል እወርዳለሁ፤ ሌላውን ጊዜ ኦሞና ማጎ ነኝ። ከሞተሩ ሥር ያለው የፋብሪካው ላሜራ ላቫ ላይ ተጨራምቶ ኮፓውን ነክቶታል። አንዱ ጋራዥ 3 ሚሊ ላሜራ ሻንሲው ላይ ልበይድልህ አለኝ፤ ሌላው 6 ሚሊ አሉሚኒየም ከዱባይ እናስመጣ አለ። የትኛው ይሻለኛል? ሌላስ ምን ምን ልሸፍን? መኪናውን ከፍ ባስደርገውስ?»

ወንድሜ፣ ለአንተ መንገድ የሚሆነው 4 ሚሊ ብረት ነው፤ በሦስት ቁራጭ የተከፈለና በቡሎን የሚታሰር። አሉሚኒየሙ መጥፎ ሆኖ አይደለም፤ አንተ የምትውልበት ቦታ ሹል ላቫና ጨው ስለሚበዛበት ነው። ብየዳውን ግን ጨርሶ እርሳው። ምክንያቱን አንድ በአንድ እነግርሃለሁ።

ስለ አዲሱ መከላከያ ከማሰብህ በፊት የተጨራመተውን አውልቀህ ኮፓውን፣ ማለትም ከሞተሩ ሥር ያለውን የዘይት መያዣ፣ እይ። ላሜራው ከነካው ገፍቶትም ሊሆን ይችላል። የዘይት መምጠጫው ወንፊት ከኮፓው ወለል ከፍ የሚለው በጥቂት ሚሊሜትር ብቻ ነው። ኮፓው ወደ ውስጥ ከጎደጎደ የወንፊቱ አፍ ይታፈናል። ያኔ የዘይት መለኪያው ዘንግ «ሙሉ ነው» እያለህ ሞተሩ ዳገት ላይ ዘይት ያጥረዋል፤ ተከትሎ የሚሄደው የሞተሩ ዘንግ የሚዞርበት ብሮንዚን ነው። የአንተው 3.0 ናፍጣ ሞተር፣ 1ኬዲ የሚባለው፣ ደግሞ በዚሁ ቦታ ሌላ የታወቀ ድካም አለበት፦ ከኢንጀክተሮቹ ሥር ያለችው የመዳብ ሮንዴላ ማሳለፍ ስትጀምር የቃጠሎው ጥላሸት ዘይቱ ውስጥ ይገባና ወንፊቱን ቀስ በቀስ ይደፍነዋል። ስለዚህ ኮፓው ለማቅናት ከወረደ ወንፊቱ ሳይታይ አይመለስ፤ ጥቁር ቅርፊት ከያዘ ታጥቦ ወይም ተቀይሮ ይግባ፤ የኢንጀክተሮቹም ሮንዴላ ይፈተሽ። ኮፓው ሞተሩ ላይ እንዳለ ከሥር እየቀጠቀጡ ማቅናት የለም። የጎደጎደው ቦታ ጠርዝ ላይ ቀጭን ስንጥቅ ይቀራል፤ እሱ የሚከፈተው ደግሞ በረሃ መሀል ነው።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ። ከሥር የሚታሰር መከላከያ ሥራው መኪናው ድንጋይ ላይ ሲቀመጥ ክብደቱን ተቀብሎ ለሻንሲው ማስረከብ ነው። ሃይሉክስ ሙሉ ጭነት ሲይዝ ከ2.5 ቶን በላይ ይመዝናል። አንዱ የፊት ጥግ ድንጋይ ላይ ሲያርፍ መዳፍ በምታህል ቦታ ላይ ከግማሽ ቶን በላይ ሊያርፍ ይችላል፤ መኪናው እየተንቀሳቀሰ ከወደቀበት ደግሞ ከዚያ ይበልጣል። የፋብሪካው ላሜራ የተሠራው ለጠጠርና ለሚረጭ ውኃ ስለሆነ ይህን አይችልም። ላሜራው ተለጥጦ ኮፓውን ከነካ ድንጋዩ ሊያደርገው የነበረውን ያው ላሜራው ያደርገዋል። ስለዚህ ማንኛውንም መከላከያ በሁለት ጥያቄ መዝነው፦ ምቱ ሲመጣ በየት በኩል ወደ ሻንሲው ይሄዳል? ለማጠብና ለማየትስ በስንት ደቂቃ ይወርዳል? አንድ ቁራጭ በአሥር ደቂቃ ካልወረደ ሰው አያወርደውም፤ ያልወረደ መከላከያ ደግሞ ጨው፣ ጭቃና ደረቅ ሣር ያጠራቅማል።

ብየዳው የሚወድቀው እዚህ ላይ ነው። የተበየደ ላሜራ አይወርድም። ዘይት ለመቀየር ቀዳዳ ቢተውልህም ከላሜራውና ከሻንሲው መሀል የገባውን ጨው የሚያወጣልህ የለም፤ ዝገቱ ሻንሲውን ከውስጥ ይበላዋል። ሁለተኛ፣ ላሜራው አንድ ጊዜ ከታጠፈ ለማቅናት መቁረጥ፣ ከዚያ እንደገና መበየድ ያስፈልጋል፤ ሻንሲው በየጊዜው እሳት ሲነካው ከብየዳው ጎን መሰንጠቅ ይጀምራል። ሦስተኛ፣ የሻንሲውን የፊት ጫፎች በግትር ላሜራ አንድ ላይ ማሰር በግጭት ጊዜ መኪናው ፊት ለፊት እንዳይጨማደድ ያደርገዋል፤ የኤርባጉ ስሌት ደግሞ በዚያ መጨማደድ ላይ የቆመ ነው። ይህ ለተበየደውም ለታሰረውም ይሠራል፤ መከላከያው ከፊተኛው መስቀለኛ ብረት ጀምሮ ወደ ኋላ ይሂድ እንጂ እስከ ፓራውልቱ ጫፍ አይምጣ።

ውፍረቱን በተመለከተ፣ የአንድ ላሜራ አልታጠፍ ባይነት ውፍረቱ ሲጨምር በሦስተኛ ርቢ ነው የሚያድገው። 4 ሚሊ ብረት ከ3 ሚሊው በክብደት የሚበልጠው በአንድ ሦስተኛ ብቻ ሲሆን ለመታጠፍ ግን 2.4 እጥፍ ያህል ይከብዳል። 6 ሚሊ አሉሚኒየም ከ3 ሚሊ ብረት 2.8 እጥፍ፣ ከ4 ሚሊ ብረት ደግሞ ጥቂት ብቻ ይበልጣል። ክብደቱን ብናይ ብረት በካሬ ሜትር ለእያንዳንዱ ሚሊ 7.85 ኪሎ፣ አሉሚኒየም 2.7 ኪሎ ነው። የሞተሩ ቁራጭ 70 በ90 ሴንቲ ከሆነ በ4 ሚሊ ብረት 20 ኪሎ፣ በ6 ሚሊ አሉሚኒየም 10 ኪሎ ገደማ ይመጣል። ወረቀት ላይ አሉሚኒየሙ አሸናፊ ነው። ለስላሳ አሸዋና ዙሪያው የተሞረደ የወንዝ ድንጋይ ብቻ ብታገኝ እኔም እሱን እል ነበር።

ላቫ ላይ ግን ነገሩ ይለወጣል። ብረት ድንጋይ ላይ ይንሸራተታል፤ አሉሚኒየም ለስላሳ ስለሆነ የላቫው ሹል ጫፍ ይነክሰዋል፤ መኪናው ማለፍ ሲገባው ይያዛል። በተደጋጋሚ የተፋቀ አሉሚኒየም ደግሞ እየሳሳ ይሄዳል። ከምቱ በኋላ ብረቱን ማንኛውም ጋራዥ በፕሬስ ያቀናዋል፤ ቢሰነጠቅ በተራ ኤሌክትሮድ ይበየዳል። አሉሚኒየም ልዩ ብየዳ ይፈልጋል፤ 6061 የሚባለው ዓይነት ከሆነ ደግሞ በብየዳው አካባቢ ጥንካሬውን በብዙ ያጣል። በመጨረሻም ጨዉ አለ። አሉሚኒየም ከብረት ሻንሲና ከብረት ቡሎን ጋር ተጋጥሞ የዳናክሉን የአሳሌ ሐይቅ ጨዋማ ውኃ ሲያገኝ ባትሪ ይሆናል፤ የሚበላው አሉሚኒየሙ ነው። ቡሎኑ ዙሪያ ነጭ ዱቄት ማየት ትጀምርና ቀዳዳው እየሰፋ ይሄዳል። ከዱባዩ አሉሚኒየም ወደኋላ አልልም ካልክ 5083 ዓይነቱን ጠይቅ፣ በላሜራውና በሻንሲው መሀል ስስ የጎማ ቁራጭ አስገባ፣ ከቡሎኑም ሥር የናይሎን ሮንዴላ አድርግ። ከ6 ሚሊ በታች አትቀበል።

ፕላስቲኩን የሚመክሩህም ይኖራሉ። በጣም ይንሸራተታል፤ አይዝግም። ሆኖም ከ80 ዲግሪ ሙቀት በላይ እየለሰለሰ ስለሚሄድ በጭስ ማውጫው አጠገብ አይሆንም፤ ብቻውንም ቢሆን ይለጠጣል። በብረት ላይ እንደ መንሸራተቻ ቢለበጥ ይሠራል፤ ለአንተ ግን ትርፍ ወጪ ነው።

እንግዲህ አሠራሩን ልንገርህ፤ ብዙው ስህተት የሚሠራው እዚህ ነው።

ላሜራውን ስትገዛ በካሊፐር ለካው፤ «4 ሚሊ» ተብሎ የሚሸጠው 3.6 ሆኖ ሊገኝ ይችላል። መኪናው ሥር ገብተህ መጀመሪያ በወፍራም ካርቶን ቅርጹን አውጣ። ቀዳዳዎቹን በካርቶኑ ላይ በቀለም እያተምክ አመልክት፤ በሜትር ብቻ የተለካ ቀዳዳ ሁልጊዜ 3 እና 4 ሚሊ ይስታል። የሞተሩ ቁራጭ ከፊተኛው መስቀለኛ ብረት ተነስቶ የፊት ዲፈረንሻሉንና ኮፓውን አልፎ እስከሚቀጥለው መስቀለኛ ይሂድ። የፊት ጠርዙ ከ30 እስከ 45 ዲግሪ ወደ ላይ ታጥፎ ከመስቀለኛው ብረት በላይ ይደበቅ፤ በግልጽ የቆመ ጠርዝ ድንጋይ ያርሳል። ሁለቱ ጎኖች ከ30 እስከ 40 ሚሊ ወደ ላይ ይታጠፉ። ይህቺ እጥፋት ከተጨማሪ ውፍረት ይልቅ ትጠቅማለች፤ ሜዳ የሆነ ላሜራ ግን ቢወፍርም ይጎብጣል። 4 ሚሊ ብረት ሲታጠፍ የውስጥ ቅስቱ ከ4 ሚሊ ያላነሰ ይሁን። አሉሚኒየም ከሆነ ከ15 ሚሊ በላይ ይስጡት፤ አለዚያ እጥፋቱ ላይ ይሰነጠቃል።

በሁለት መደገፊያዎች መሀል ያለው ርቀት ከ45 ሴንቲ እንዲበልጥ አትፍቀድ። በሃይሉክሱ ሥር ይህ ርቀት ስለሚረዝም ከሻንሲ ወደ ሻንሲ የሚዘረጋ ተጨማሪ መደገፊያ ከ40 በ40 በ4 ሚሊ አንግል ብረት አሠራ፤ እሱም ራሱ በቡሎን ይታሰር። መከላከያውን ከሞተሩ ወይም ከካምቢዮው ጋር አታገናኝ። ሞተሩ በጎማ መቀመጫው ላይ ይወዛወዛል፤ ከሁለቱም ጋር የታሰረ ላሜራ ወይ ይሰነጠቃል፣ ወይ ንዝረቱን ካቢን ውስጥ ያስገባል፣ ወይ ምቱን በቀጥታ ወደ ካምቢዮው ጎን ያስተላልፋል።

ሁለተኛው ቁራጭ ካምቢዮውንና የፎር ባይ ፎሩን ሳጥን ይሸፍናል፤ እሱ 3 ሚሊ ቢሆን ይበቃል። ቁራጮቹ እንደ ቆርቆሮ ክዳን ይደራረቡ፦ የፊተኛው የኋላ ጠርዝ ከኋለኛው የፊት ጠርዝ በታች ይዋል፤ ወደ ፊት ስትሄድ ድንጋዩ ጠርዝ አያገኝም። ወደ ኋላ ስትመለስ ግን ያገኛል፤ ስለዚህ የሁሉም የኋላ ጠርዝ 15 ሚሊ ያህል ወደ ላይ ይጎብጥ። ላቫ ላይ ተይዘህ ወደ ኋላ መመለስ የሚገጥምህ ብዙ ነው።

የቡሎን ነገር ቀላል ይመስላል እንጂ መኪና ያበላሻል። ቶዮታ ሻንሲው ላይ የበየዳቸው ኤም 10 ዳዶዎች አብዛኛውን ጊዜ የጥርሳቸው ርቀት 1.25 ሚሊ ነው፤ በየሱቁ የሚሸጠው ኤም 10 ቡሎን ደግሞ 1.5። ሁለትና ሦስት ዙር ይገባልሃል፣ ከዚያ ይጠብቃል፤ በጉልበት ካዞርከው ዳዶው ሻንሲው ውስጥ ይፈታል፤ ለማውጣት ሻንሲ መብሳት ሊኖርብህ ነው። ኤም 8ቱ 1.25 ስለሆነ ችግር የለውም። አሮጌውን ቡሎን ይዘህ ሂድና ጥርስ በጥርስ አመሳስል። ጭንቅላቱ ላይ 8.8 ወይም 10.9 የሚል የጥንካሬ ደረጃ የተጻፈበትን ብቻ ውሰድ፤ ምንም ያልተጻፈበት ቡሎን ለዚህ ሥራ አይሆንም። 8.8 ሲሆን ኤም 8 በ25፣ ኤም 10 በ45 ኒውተን ሜትር ይጠበቅ። ጥርሱ ላይ የመካከለኛ ጥንካሬ ሎክታይት፣ ሰማያዊው፣ ጠብ አድርግ፤ ቡሎኑ እንዳይላላ ይይዛል፣ ጨዉም በጥርሱ እንዳይገባ ይከላከላል።

የቡሎኑ ጭንቅላት ከላሜራው በታች ወጥቶ ከቀረ በመጀመሪያው ቀን ላቫው ይሞርደዋል፤ ቁልፍ የሚይዝበት ማዕዘን ስለማይቀረው መከላከያውን ለማውረድ መፍጫ ትፈልጋለህ። መፍትሔው በእያንዳንዱ ቡሎን ዙሪያ 6 ሚሊ ውፍረት ያለው የብረት ቀለበት ከውጭ በኩል መበየድ ነው። ቀለበቱ ከቡሎኑ ጭንቅላት ከፍ ብሎ ምቱን ይቀበል፤ ውስጡ ደግሞ ቡሽሎ ቁልፍ የሚያስገባ ይሁን። የቀለበቱ የፊት ጎን በመፍጫ ሸርተት ይደረግ።

ለኮፓው ታፖ (ለዘይት ማፍሰሻው ቡሎን) 70 ሚሊ ቀዳዳ ይበቃል። ዘይቱ ሲከፈት ወደየት እንደሚፈናጠር አይተህ ቀዳዳውን ወደዚያው 3 ወይም 4 ሴንቲ ግፋው፤ አለዚያ ሰባት ሊትር ያህል ዘይት ላሜራው ላይ ይተኛና በሚቀጥለው ሳምንት «ሞተሩ ያፈሳል» ብለህ ትጨነቃለህ።

ክፍተቱን በተመለከተ ከኮፓው ሥር እስከ ላሜራው 25 ሚሊ፣ ከጭስ ማውጫው ቱቦ ደግሞ 50 ሚሊ ይኑር። ጋራዡ «በቂ ነው» ቢልህ አትመን፤ መፈተን ይቻላል። ኮፓው ሥር የእንቁላል ያህል የረጠበ ጭቃ ለጥፍ፣ መከላከያውን እሰር፣ ከዚያ ወፍራም ጣውላ አድርገህ በላሜራው መሀል በክሪክ አንሳ፤ የፊት ጎማዎቹ ክብደት መልቀቅ እስኪጀምሩ ድረስ። ከሥሩ አትግባ። አውርደህ ላሜራውን ስትፈታ የጭቃው ውፍረት ከ10 ሚሊ በታች ከሆነ መደገፊያው አልበቃም ማለት ነው። ይህን ፈተና ገንዘብ ከመክፈልህ በፊት ጋራዡ ፊት አድርገው። 4 ሚሊው በክሪክ ብቻ ከጎበጠ ላቫ ላይ ምን እንደሚሆን ይታይሃል።

ሙቀቱን አትርሳ። በራዲያተሩ የገባው አየር ዋናው መውጫው ወደ ታች ነው፤ ሥሩን ሙሉ በሙሉ ከደፈንከው አየሩ አይወጣም። ከላሜራው ስፋት አንድ አሥረኛ ያህል በመሰንጠቂያ ክፍት ይሁን፤ 25 በ80 ሚሊ የሆኑ ስንጥቆች፣ ከንፈራቸው ወደ ኋላ የዞረ። በቀጥታ ከኮፓውና ከዲናሞው ሥር ግን አይሁኑ። ዳሎል ከ1960 እስከ 1966 እ.ኤ.አ. በተመዘገበው የአየር መረጃ የዓመት አማካይ ሙቀቷ 34.6 ዲግሪ የነበረ ቦታ ናት፤ ትክክለኛው ፈተና ያለው ደግሞ ስትመለስ ነው፦ ከባሕር ጠለል በታች ካለው ከሐመድ ኢላ ተነስተህ በበርሃሌ በኩል ወደ መቀሌ ከ2,000 ሜትር በላይ ትወጣለህ። በዚያ ዳገት የሙቀት መለኪያው ከወትሮው ከፍ ካለ የኋለኛውን ቁራጭ አውልቀህ ከላይ ጫንና ጉዞህን ቀጥል፤ ቤት ስትገባ ስንጥቅ ጨምርበት።

ጨዉን በሚመለከት፣ የአሳሌ ውኃ የጨው ሙሌት ነው። ጥቂት ሴንቲ ውኃ በተኛበት ላይ ስትነዳ ወደ ላይ ይረጭና ከላሜራው በላይ፣ ከሻንሲው ውስጥ፣ ከፍሬን ቧንቧው መያዣዎች ሥር ይደርቃል። ከዝግታ በላይ አትንዳበት። በወጣህበት ቀን መጀመሪያ ባገኘኸው ላቫጆ መከላከያዎቹ ወርደው በንጹሕ ውኃ፣ ከሻንሲው ቀዳዳዎች ውስጥም ጭምር፣ የሚወጣው ውኃ ጨው ጨው ማለት እስኪያቆም ይታጠብ። ከዚያ በኋላ ሥሩን ናፍጣ ወይም የተቃጠለ ዘይት መርጨት የተለመደ ነው፤ እኔ እቃወመዋለሁ። የባሌስትራና የእጆቹን ጎማ ያሳብጣል፣ አቧራ ይሰበስባል፣ በጭስ ማውጫው ላይ ደግሞ ለእሳት ማገዶ ነው። ላሜራውን ስታሠራ የላይኛውን ፊት በዚንክ ፕራይመርና በሻንሲ ቀለም ሁለት ጊዜ ቀባው። የታችኛው ፊት በመጀመሪያው ጉዞ ይፋቃል፤ ለእሱ ብዙ ገንዘብ አታውጣ።

ወደ ማጎና ኦሞ ስትሄድ ጠላትህ ድንጋይ መሆኑ ይቀርና ሣር ይሆናል። ይህን ከሌላው ሁሉ አስበልጬ እንድትይዝልኝ እፈልጋለሁ፤ ኮፓ ይጠገናል፣ የተቃጠለ መኪና ግን አይጠገንም። መንገዱ መሀል የቆመው ደረቅ ሣር በመከላከያው የፊት ጠርዝ ይታጨድና ከላሜራው በላይ፣ ከጭስ ማውጫው አጠገብ ይታጨቃል። እዚያ ሆኖ ይደርቃል፣ ይጨሳል፣ ከዚያ ይነዳል፤ መከላከያው ራሱ ምድጃ ሆነ ማለት ነው። ሣሩ ከፓራውልቱ በላይ በሆነበት መንገድ ቢያንስ በየሰዓቱ ቁም፤ የምትቆመው ግን ሣር በሌለበት ባዶ መሬት ላይ ይሁን፣ የጋለ ቱቦ ቆሞ ያለውን ሣርም ያቀጣጥላል። ጫፉ የታጠፈ ረጅም የብረት ሜንጦ ያዝና በስንጥቆቹና በጎኖቹ ጎርጉረህ አውጣ፤ ማታ ማታ የሞተሩን ቁራጭ አውርድ። ባለ 2 ኪሎ የዱቄት እሳት ማጥፊያ ካቢን ውስጥ፣ ከወንበርህ አጠገብ ይሁን፤ ከሻንጣ ሥር ያለ ማጥፊያ አይደረስበትም። የተቃጠለ ሣር ከሸተተህ ትንሽ ልሂድ አትበል። በክረምት ደግሞ ያው ቦታ በዋልካ ይሞላል፤ ሳይደርቅ ካላወጣኸው ብዙ ኪሎ ተሸክመህ ትዞራለህ፣ የዘይት መፍሰስም ቢኖር ይደብቅሃል።

ሌላ ምን ልሸፍን ላልከው፣ ሦስተኛው ቁራጭ ለነዳጁ ሳልባትዮ ነው፤ 3 ሚሊ ይበቃል፣ ከሳልባትዮው ጋር ግን አይነካካ። በመሀል ጠጠር ገብቶ ሲንቀጠቀጥ ሳልባትዮውን ይበሳዋል፤ 20 ሚሊ ክፍተትና ጠጠር የሚያፈስ ቀዳዳ ይኑረው። ከዚያ በኋላ ላሜራ አይጨምርልህ፤ የቀሩት በትንንሽ ሥራ የሚያልቁ ናቸው። የኋላ አሞርዛተሮች የታችኛው መያዣ ከአክስሉ በታች ስለሚንጠለጠል ከፊቱ የተጠማዘዘ ትንሽ ብረት ይበየድለት፤ አክስሉ ላይ መበየድ ግን ሙቀቱን ለሚያውቅ በያጅ ብቻ የሚሰጥ ሥራ ነው፣ ከተጣመመ ዘይት መያዣዎቹና ኩሽኔታዎቹ ያልቃሉ። በአክስሉ ላይ የሚሄደው የፍሬን ቧንቧ የፊት ጎኑ ላይ ከሆነ የተሰነጠቀ የጎማ ቱቦ አልብሰው። የዲፈረንሻሉ መተንፈሻ ቱቦ አለመነቀሉን እይ፤ ከተነቀለ በመጀመሪያው ወንዝ ውኃ ይጠጣል። በበሮቹ ሥር የሚታሰረው የጎን ቱቦ፣ 48 ሚሊ ውፍረትና 3 ሚሊ ግድግዳ ያለው፣ ጥሩ ነው፤ ሻንሲው ላይ ካልታሰረ ግን መርገጫ ነው እንጂ መከላከያ አይደለም።

ሦስቱ ቁራጮች ከነመደገፊያቸው ከ45 እስከ 50 ኪሎ ይመጣሉ፤ ሁለት ጀሪካን ተኩል ውኃ ማለት ነው። ይህን ከጭነትህ ቀንስ።

መኪናውን ስለማሳደግ፦ እስከ 40 ሚሊ ድረስ፣ በተሻለ ሞላና ባሌስትራ ከሆነ እሺ። ከዚያ በላይ የፊት ሽሚያሶቹ (ኃይሉን ለጎማ የሚያደርሱት ዘንጎች) ማዕዘን ስለሚበዛ የአቧራ ጎማቸው ይቀደዳል፣ መሪውም ይበላሻል። ማወቅ ያለብህ የሞላ ማሳደጊያ የኋላ ዲፈረንሻሉን አንድ ሚሊ እንኳ እንደማያነሳው ነው፤ እሱን የሚያነሳው ጎማ ብቻ ነው። ከ265/65 አር 17 ወደ 265/70 አር 17 ብትሄድ የሚጨምርልህ 13 ሚሊ ነው። ጭነት ግን ከዚህ የበለጠ ያወርድሃል፤ የደከመ ባሌስትራ ላይ የተከመረ ውኃና ነዳጅ ብዙ ሴንቲ ይወስዳል። ገንዘብህ ለአንድ ነገር ብቻ የሚበቃ ከሆነና የኋላህ የተቀመጠ ከሆነ ከላሜራው በፊት ባሌስትራውን አስነሳ።

ኤርታ አሌ ሥር ካለው ከዶዶም ካምፕ በፊት ባለው የላቫ ሜዳ ድንጋዩን በመሀል አታሳልፈው፤ ጎማህን ድንጋዩ ላይ አውጣው፣ ያኔ ሆዱ አብሮ ይነሳል። ገና ከመግባትህ በፊት በፎር ሎው አንደኛ ግባ፣ ረዳትህ ወርዶ ፊት ፊት ይሂድ። ከባድ ምት ከሰማህ ሞተሩን አጥፋና ወርደህ እይ፤ የዘይት መብራት ከበራ ደግሞ «እስከዚያ ዛፍ ድረስ» የሚባል ነገር የለም። ለዚህ ቀን 8 ሊትር ዘይት፣ ሁለት ቱቦ የሚቀላቀለው የብረት ኢፖክሲ፣ የብረት ብርጭቆ ወረቀትና ቤንዚን ያዝ። ኮፓው ከተበሳ ዘይቱን አፍስስ፣ ቀለሙን እስከ ብረቱ ፈግፍግ፣ በቤንዚን አጽዳ፣ ኢፖክሲውን ከቀዳዳው በሁሉም ጎን 3 ሴንቲ አልፈህ ለጥፍ፤ ማሸጊያው ላይ የተጻፈውን ሰዓት ሳይደርቅ አትነካካው። ዘይት እየተንጠባጠበበት የተለጠፈ ኢፖክሲ አይይዝም። ሳልባትዮ ካፈሰሰ ደረቅ ሳሙና አጥብቀህ እሸው፤ ናፍጣ ሳሙና ስለማያሟሟ እስከ ከተማ ያደርስሃል።

አዲሱ መከላከያ ከታሰረ በኋላ በመጀመሪያው 100 ኪሎ ሜትር፣ ከዚያም ከእያንዳንዱ ጉዞ በፊት ቡሎኖቹን በቶርክ መፍቻ ፈትን፤ በየመጠኑ አራት አራት ትርፍ ቡሎን ጓንት ሳጥን ውስጥ ይኑርህ። ካርቶኑንም አትጣለው። ላሜራው ከ15 ሚሊ በላይ ጎድጉዶ ከመጣ በፕሬስ፣ ሳይጋል፣ ይቅና። እጥፋቱ ላይ ከተሰነጠቀ ከስንጥቁ ጫፍ 5 ሚሊ ቀዳዳ ይበሳ፣ ስንጥቁ ተፈግፍጎ ከሁለቱም ፊት ይበየድ። በዚያው እጥፋት ላይ ሁለተኛ ከሰነጠቀ ግን በካርቶኑ ልክ አዲስ አስቆርጥ።